ድንጋዩ ላይ ስምህን ማን ጻፍ አለህ?

የድሬና የሐረር ልጆች፣ የምለው እናንተኑ ነው። ከሐረር በጅጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ባቢሌ ሻይ ትጠጣላችሁ፤ ከዚያ አለፍ ብላችሁ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበት ዳካታ ሸለቆ ትገባላችሁ። እስከዚህ ደግ። ቀጥሎ አንዱ ከመኪናው እስፕሬይ ያወጣና የራሱንና የወዳጁን ስም ከነቀኑ ድንጋዩ ወገብ ላይ ይለቀልቃል።

ያንን ድንጋይ እዚያ ላይ ማንም አልሰቀለውም። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ግራናይት ነው። ውሃ ስንጥቁን ተከትሎ ገባ፣ ጠርዙን አበሰበሰ፣ ማዕዘኑን አድቦለቦለ፤ በኋላ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ሲሄድ ጠንካራው እምብርት ባለበት ቀረ። ስለዚህ ላይኛውና ታችኛው የሚነካኩበት አንገት ከሁሉም የደከመው ቦታ ነው፤ አንዳንዱ ጋ በጣት ሲፍቁት እንደ ጨው ይረግፋል። እናንተ ለፎቶ ብላችሁ እዚያው አንገት ላይ ትንጠላጠላላችሁ። «ይነቃነቃል?» እያላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ትገፉታላችሁ፤ ያውም ከታች ቆማችሁ!

ጥፋቱ የገባው ደግሞ ቀለሙን በቲነርና በሽቦ ብሩሽ ሊያነሳ ይታገላል። ተዉት። ቲነር ቀለሙን አቅጥኖ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ያሰርገዋል፤ ሽቦው ዘመን ያጠቆረውን ቆዳ ገፎ ነጭ ጠባሳ ይተካል። ስሙ ከበፊቱ ይልቅ ይነበባል።

ከቀለሙ የባሰው እሳቱ ነው። ለበርጫ ጥላ ብላችሁ ድንጋዩን ተደግፋችሁ፣ ለቡናው ከሰል፣ ለጥብሱ ግንድ እግሩ ሥር ታነዳላችሁ። ግራናይት የልዩ ልዩ ማዕድን ጥርቅም ነው፤ ሲግል አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ያብጣል፣ እርስ በርሱ ይጋፋል፣ ፊቱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ ይወርዳል። በጋለበት ውሃ ስትደፉበት ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የግድ ከሆነ ምድጃውን ከድንጋዩ አሥር እርምጃ አርቃችሁ ባዶ አሸዋ ላይ አድርጉ፤ ፍሙን አጥፍታችሁ ከነአመዱ በቆርቆሮ መልሱት። ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ብትይዙስ ማን ከለከላችሁ?

ከድሬ ወደ ለጋ ኦዳ፣ የጥንት ሰው ድንጋይ ላይ ሥዕል ወደተወበት፣ የምትወጡም አትሳቁ። የከብቱና የላታም በጉ ሥዕል ደምቆ ፎቶ እንዲነሳ ከሃይላንዳችሁ ውሃ ትረጩበታላችሁ። ውሃው ሲደርቅ ከድንጋዩ ውስጥ ጨው ስቦ ያወጣል፤ ጨው ሲጠጥር ቀለሙን ፈንቅሎ ይጥለዋል። አልታይ ካላችሁ ዓይናችሁ ጥላውን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ቁሙ።

ቆሻሻውን በአጭሩ። ገራባውን፣ የጫቱን ትርፍራፊ፣ ፍየል ይበላዋል፣ እሱ አያጣላንም። በፌስታል ቋጥራችሁ ስትጥሉት ግን ግመሉ ከነፌስታሉ ይውጠዋል። ጨጓራው ውስጥ ይጠቀለላል፣ አይፈጭ አይወጣ፤ ግመሉ ሆዱ ሞልቶ እየከሳ ይሞታል። የአርቢው የዓመታት ልፋት ነው የሞተው። ቋጠሮውን ፍቱ፣ ፌስታሉን በኪሳችሁ ክተቱ።

«ዝሆን ሳናይ አንመለስም» ለምትሉት፦ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝሆኑም በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ ጥሻ ውስጥ ይውላል እንጂ መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቃችሁም። ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ መጠለያው ጠባቂ፣ አትግቡ። ነፋሱ ከእናንተ ወደ ዝሆኑ ከሆነ ሽታችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል፤ ስካውቱ «ዙሩ» ሲል ዙሩ። ቴፑን ዝጉ። ዝሆኑ ጆሮውን ዘርግቶ ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ቪዲዮ የሚቀረጽበት ሰዓት አይደለም፤ በዚያ ቁልቋል መሀል ሮጦ ዝሆን የሚቀድም ሰው የለም።

የባቢሌን ለውዝ ደግሞ ስትመለሱ ግዙት። ጠዋት ከገዛችሁት ልጣጩ ሸለቆው ውስጥ፣ ፌስታሉ ግራሩ ላይ ይቀራል። ዘንቢል ከቤት ያዙ፤ በጣሳ የሚሰፍሩላችሁን እናቶችም በአምስት ብር አትከራከሯቸው።