እርማት፦ ባቡሩ ውስጥ ሞተር የለም

«ኪንግዳ ካ የተባለው ሮለር ኮስተር (የመዝናኛ ፓርክ ባቡር) 139 ሜትር የሚወጣው ባቡሩ ኃይለኛ ሞተር ስላለው ነው» ያልከው ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚያምነው ግን በደንብ መታረም አለበት።

በኒው ጀርሲ ከ2005 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በሠራው በዚህ ሮለር ኮስተር ላይ ጉልበቱ የነበረው መሬት ላይ ነው። ፓምፖች ዘይት እየገፉ በታንኮች ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ያምቁታል። ቫልቩ ሲከፈት የታመቀው ጋዝ ዘይቱን ወደ ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሽከረከሩ) ሞተሮች ይገፋዋል፤ ሞተሮቹ ከበሮ ያሽከረክራሉ፤ ከበሮው የብረት ገመድ ይጠቀልላል፤ ገመዱ ከባቡሩ ሥር የተያያዘውን ጎታች ጋሪ ይስባል። በ3.5 ሰከንድ ገደማ ፍጥነቱ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ጋሪው ይለቀዋል። ዳገቱን የሚያወጣው ያገኘው ፍጥነት ብቻ ነው።

ስሌቱን ራስህ አረጋግጥ። 206 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 57.2 ሜትር በሰከንድ ነው። ይህን በራሱ አባዝተህ ለ19.62 (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 9.81 ሁለት እጥፍ) ስታካፍል 167 ሜትር ገደማ ታገኛለህ፤ ይህ ፍጥነቱ ምንም ሳይባክን ሊያደርሰው የሚችለው ከፍታ ነው። ትርፉ 28 ሜትር ለአየር ተቃውሞ፣ ለመንኮራኩር ሰበቃና ጫፉን ለመሻገር ለሚያስፈልገው ፍጥነት ይውላል። ክብደት እዚህ ቀመር ውስጥ እንደማይገባም ልብ በል፦ የሞላ ባቡር ከማስነሻው ብዙ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ የሚያስፈልገው ፍጥነት ያው ነው ማለት ይቻላል።

ብርድ ወይም የፊት ነፋስ ሲበረታ ባቡሩ ጫፉ ሳይደርስ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችል ነበር። ለዚህም ተዘጋጅቶለት ነበር፦ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ከማስነሻው ሐዲድ ላይ ብቅ የሚሉ ማግኔታዊ ፍሬኖች ሲመለስ ያቀዘቅዙት ነበር፤ መያዣ ኃይላቸውም ኤሌክትሪክ አይፈልግም ነበር።