ጎረቤት ለጎረቤት ድጎማ ሲወስን

የመንግሥትን ገንዘብ በጎ ፈቃደኞች ይደልድሉት ሲባል ብዙ ሰው ግንባሩን ይቋጥራል። ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ሂሳብም ሙያቸው አይደለም። ድጎማ የሚጠይቃቸው ደግሞ ጎረቤታቸው ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ቢሆንም ለዚህ ሥራ ከእነሱ የተሻለ ሰው አይታየኝም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን አሠራር ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይዞታል። ሊደር ይባላል። ለገጠር ልማት ከተመደበው ገንዘብ የተወሰነው ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚመርጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የማኅበር ተወካዩና የምክር ቤት አባሉ አብረው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የአካባቢያቸውን የልማት ዕቅድ ያወጣሉ፤ ከዚያ የሚቀርብላቸውን ማመልከቻ በዕቅዱ ይመዝናሉ። አባል አገሮች ከኅብረቱ የገጠር ልማት ፈንድ ቢያንስ 5 በመቶውን ለዚህ መመደብ አለባቸው። ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ደንብ ደግሞ ማንኛውም አንድ ወገን፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ከ49 በመቶ በላይ ድምፅ አይኖረውም ነበር። ይቺን 49 ወድጃታለሁ። ሹሙም ባለሀብቱም ሌላ ሰው ማሳመን ግድ ይሆንባቸዋል።

ይሉኝታን ግን 49 በመቶ አያቆመውም። በ2010 የኅብረቱ ኦዲተሮች ባወጡት ሪፖርት፣ አንዳንድ ቡድኖች የጥቅም ግጭትን በአግባቡ እንዳልተከላከሉ ጽፈዋል። አይገርምም። ገጠር ውስጥ የማይተዋወቅ የለም። የተዋወቀ ሁሉ ይውጣ ቢባል ምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል። ስለዚህ መስመሩ ጠበብ ይበል፦ በአመልካቹ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ፣ ሥልጣን ወይም የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ጉዳዩ ሲነሳ ከክፍሉ ይውጣ። ድምፅ ሳይሰጡ ወንበር ላይ መቅረት አይበቃም። ዓይንም ይናገራል። መውጣቱም፣ ለማመልከቻው የተሰጠው ነጥብና ምክንያቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ማመልከቻው የተጣለበት ሰው ለምን እንደተጣለ አንብቦ ይወቅ።

የሚያሳዝነው፣ ጥፋት በተገኘ ቁጥር መልሱ ተጨማሪ ፎርም መሆኑ ነው። በ2022 እነዚያው ኦዲተሮች ሌላ ሪፖርት አወጡ። አስተዳደራዊ ወጪው ከፍተኛ፣ ማጽደቁም ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነው አሉ። በዚህ ላይ ድጎማው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከኪስህ አውጣ፣ ከዚያ ደረሰኝህን ይዘህ ና! የመንደሩን አዳራሽ ጣራ ማደስ የፈለጉ አምስት ሰዎች ያን ብር ከየት ያመጣሉ? ኪሱ የሞላው ይጠብቃል፤ ባዶ ኪስ ያለው ሳያመለክት ይቀራል። ቅድሚያ ክፍያ የማይፈቅድ ፕሮግራም፣ ኮሚቴው የፈለገውን ያህል ፍትሐዊ ቢሆን፣ ግማሹን ምርጫ ከስብሰባው በፊት ጨርሶታል።

ፈቃደኞቹም ይደክማሉ። ከሥራ ወጥቶ ማታ የመጣ ሰው ሦስት ፕሮፎርማ እያነጻጸረ ቢያመሽ፣ በሚቀጥለው ወር ባይመጣ አልፈርድበትም። ደረሰኝ ማገላበጥ ደመወዝ የሚከፈለው የቢሮ ሠራተኛ ሥራ ይሁን። ለፈቃደኞቹ እነሱ ብቻ የሚያውቁት ይተውላቸው፦ ባለፈው ዙር በድጎማ የታደሰው አዳራሽ ዛሬ ክፍት ነው ወይስ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው?