ሰንሰለትና ሳሎን

እዚህ ጀርመን አገር ቡችላ መውሰድ ማለት ፈተና ተቀምጦ ማለፍ ማለት ነው። ሴትዮዋ ከበርሊን ወጣ ብላ በምትገኝ የብራንደንቡርግ መንደር ውሻ የሚያራቡ፣ ፈገግታ የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ስንገባ ቡና አልቀረበልንም፤ ወንበርም አልተሳበልንም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እናትየዋ ውሻ መጥታ እጃችንን እስክታሸት ዝም እንድንል ነበር ያዘዙን። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? አሳንሰር አለው? አከራያችሁ ፈቅደዋል? ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ልጆቼ ለመመለስ ሲሽቀዳደሙ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ፦ «ሌሊት ስታለቅስ የሚነሣው ማን ነው?»

ይህን ሁሉ ካለፍን በኋላ ቡችላዋን ለልጄ ልደት ለመውሰድ ብለምናቸው እንቢ አሉ። በልደቱ ዕለት ስድስት ሳምንት ይሞላታል፤ እሳቸው ግን «ስምንት» አሉ። ሁለት ሳምንት ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ልከራከር ስል «ሕግ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። እውነትም ሕግ ነው። የጀርመን የውሻ አያያዝ ደንብ ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ መለየት ይከለክላል። ደግሞም ውሻ በቂ ጊዜ ከቤት ወጥቶ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፤ ከ2023 መግቢያ ጀምሮም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ውሻን አስሮ ማኖር ክልክል ነው። (ዓመተ ምሕረቱ በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠርማ ሰንሰለቱ ገና አልተፈታም።)

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ለገጣፎ አዲስ ቤት ገብቶ ቡችላ አመጣ። ስንት ጊዜው ነው ብዬ ስጠይቀው «ዓይኑ ከተገለጠ ቆይቷል» አለኝ። ሌላ መለኪያ የለንም። የቡችላ ዓይን በሁለት ሳምንቱ ግድም እንደሚገለጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ያስደነግጣል። የጥድፊያውን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ቶሎ ካልወሰድከው ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ በዚያ ላይ በጨቅላነቱ ያልመጣ ቡችላ ቤቱን አይለምድም ይባላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቡችላ ከጡት ሌላ ምግብ መቅመስ የሚጀምረው ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲሞላው ነው፤ ጡት የሚጥለውም ቀስ በቀስ ነው። ወንድሞቹን አጥብቆ ሲነክሳቸው ጮኸው ጨዋታውን ይተዉበታል፤ እናቱም ትቆጣዋለች። ጥርሱን ምን ያህል ማሳረፍ እንዳለበት የሚማረው ከእነሱ ነው። እኛ ትምህርቱን ሳይጨርስ እናመጣውና የልጆቹን እጅ ሲቦጭቅ በጫማ እንለዋለን። ሲያድግ ደግሞ «ኃይለኛ ነው፣ ሰው አያስገባም» እያልን እንኮራበታለን።

ወንድሜ ቡችላውን ቦቢ አለው። (በቤታችን የነበሩት ውሾች ሁሉ ቦቢ ነበሩ፤ ቦቢ ሲሞት ቦቢ ይተካል።) ፍቅር አልነፈገውም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ለልጆቹ ከሚገዛው የላም ወተት እየቀነሰ በሳህን ያቀርብለት ነበር። ቡችላው ተቅማጥ ያዘው። ከሳ ብሎ ወተቱን ጨመረለት። ተቅማጡ ባሰ። በላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የብዙ ቡችሎች ሆድ አይችለውም፤ ከእናታቸው ወተት ጋር ሲነጻጸርም ስቡና ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ ነው። ያችን የምታህል ፍጥረት ደግሞ በተቅማጥ የሰውነቷን ውኃ ለማጣት አንድ ሁለት ቀን ይበቃታል። ሲሞት ደወለልኝና «ዕድሉ ነው ጋሼ፤ ሌላ ይመጣል» አለኝ።

ያበገነችኝ ይህች «ሌላ ይመጣል» ናት።

ለሰው ያልተረፈ ለውሻ ከየት ይመጣል የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ በዚህ ኑሮ ማንም ሰው ለውሻ ሥጋ እንዲገዛ አልጠብቅም። ነገር ግን ቡችላውን እናቱ ሥር ተጨማሪ አራት ሳምንት ማቆየት ስንት ብር ያስወጣል? ምንም አያስወጣም፤ እንዲያውም የወተቱ ይተርፋል። ንጹሕ ውኃ በጣሳ ማስቀመጥስ? አንገቱን በሰንሰለት አለመቆለፍስ? በአገር ቤት ቡችላ የሚጎዳው በድህነታችን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሴትዮዋ ቀኑ ሲደርስ ሉናን አስረከቡን። (ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ቦቢን ሐሳብ ባቀርብ ሰሚ አላገኘሁም።) ከእሷ ጋር የለመደችውን ደረቅ ምግብ በከረጢት፣ የእናቷ ጠረን ያለበት ቁራጭ ብርድ ልብስና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። በቀን አራት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት አብሏት። አራት ወር ሲሞላት ወደ ሦስት፣ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሁለት አውርዱት። ያልጨረሰችውን ከሩብ ሰዓት በኋላ አንሡት፤ ውኃው ግን አይነሣ። ምግቡን መቀየር ብትፈልጉ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ፣ አዲሱን በየቀኑ እየጨመራችሁ፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውሰዱ። በየሳምንቱ መዝኗት። ከታች ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ትእዛዝ አለ፦ አታወፍሯት። ትልቅ ዝርያ ናት፤ ከልክ በላይ የበላ፣ ካልሲየም ተጨምሮ የተሰጠው ትልቅ ዝርያ ቡችላ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይበላሻል። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «የጎን አጥንቷ ይቆጠራል እኮ!» ብላ አዘነች። በእጅ ሲዳሰስ መቆጠር አለበት፤ ጤናው እሱ ነው።

ወረቀቱ ደግ ነው። የሚያበሳጨኝ መደብሩ ነው። የዳክዬ ሥጋ ከስኳር ድንች ጋር፣ የአጋዘን ሥጋ፣ የሳልሞን ዘይት፣ የውሻ አይስክሬም፣ የውሻ የልደት ኬክ፣ የዝናብ ካፖርት በአራት ቀለም። ከዚህ ሁሉ ቡችላ የሚያስፈልገው ጥቅሉ ላይ ለዕድሜው የተዘጋጀ «የተሟላ ምግብ» ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ «ተጨማሪ ምግብ» የሚል ከሆነ ብቻውን አይበቃውም። ይህን ልዩነት ጥቅሉ ላይ መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው። ሌላው ሁሉ የሚሸጠው ለባለቤቱ እንጂ ለውሻው አይደለም። ውሻዋማ ከኬኩ ይልቅ የእኔን ካልሲ ትመርጣለች።

እናቴ በስልክ የጠየቀችኝ ግን ስለ ምግቡ አልነበረም። «የት ነው የምትተኛው?» አለችኝ። መኝታ ቤት ስላት ዝም አለች። ቀጥላም «ሥዕለ አድኅኖው ካለበት ክፍል?» አለች። ሥዕሎቹ ሳሎን ናቸው ብዬ ተገላገልኩ ስል «ታዲያ ሳሎን አትገባም?» ብላ ያዘችኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት። ለነገሩ በአገራችንም ቤት የገባ ውሻ አልጠፋም፤ የጃንሆይ ሉሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር። ይህን ብነግራት ግን «አንተና ጃንሆይ እኩል ናችሁ?» ማለቷ አይቀርም።

መኝታ ቤት የምትተኛው እኛ ስለ ተቀናጣን አይደለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ከእናቷና ከወንድሞቿ ተለይታ አድራ አታውቅም። የመጀመሪያውን ሰሞን ብቻዋን ብትዘጋባት ስትጮኽ ታድራለች፤ የምትማረውም ብቸኝነት የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ብቻ ነው። አልጋው አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ሣጥን ውስጥ ስትሆን ግን ትረጋጋለች፤ መቁነጥነጥ ስትጀምርም ይሰማሃል። ሁለት ወር የሞላት ቡችላ ሽንቷን የምትይዘው ቢበዛ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ከእንቅልፍ ስትነቃ፣ ስትበላና ተጫውታ ስትጨርስ ወዲያው ማውጣት፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ፤ ስትጨርስ ማመስገን። ካመለጣት መጥረግ ብቻ። አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ የሚያሽ ሰው የሚያስተምራት ሶፋ ጀርባ ተደብቃ መሽናትን ነው። ይህ ሁሉ ለመጻፍ ይቀላል። የእኛ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ወሩም ጥር ነበር። የሴትዮዋ ጥያቄ ለምን ወደ እኔ እንደ ዞረ የገባኝ ደረጃው ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የወገኖቻችን ነገር ነው። ለገና ከጠራናቸው እንግዶች መካከል አንድ የምናከብራቸው አዛውንት ሉናን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብስበው «ያዙልኝ!» ብለው በር ላይ ቆሙ። ምሳው ሲጋመስ እግራቸው ሥር መጥታ ተጋደመች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። «እስቲ ነይ፣ ያንቺስ ነፍስ አይደለች?» ብለው ዶሮ ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። ባለቤቴ ከወንበሯ ዘላ ብትነሣም አልደረሰችም። ሁለተኛውን ስትከለክላቸው «ጉርሻ ይመለሳል?» ብለው ተቀየሙ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ከስኳር ነጻ በሚባሉ ማስቲካዎች ውስጥ ያለው ዚሊቶል፣ ሁሉም መርዝ ናቸው። የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ስንደውል ምግቡ ውስጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንዳለ ጠየቀችኝ። የዶሮ ወጥን ሽንኩርት ለጀርመን ሐኪም እንዴት ታስረዳለህ? «ሽንኩርቱ ራሱ ነው ወጡ» አልኳት። ይዛችሁ ኑ አለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ ነበር የድንገተኛ ክፍያው ብቻ፣ ሉናን ገና ሳትነካት፣ 50 ዩሮ ነው፤ ግብሩ ሳይታሰብ። ደግነቱ ጉርሻው አጥንት አልነበረበትም፤ ምንም አልሆነችም።

አዛውንቱ በኋላ «የኛ አገር ውሻ ይኼን በልቶ አይደል ያደገው?» አሉኝ። በልቶ አድጓል፤ ያላደገውን ግን ማን ቆጠረው? ፍርፋሪ ከወጡ ጋር እየበላ ደሙ ያለቀ ውሻ ጥላ ሥር ሲጋደም «ሰነፈ» እንለዋለን።

አዛውንቱ በር ላይ መቆማቸውን ግን አልፈርድባቸውም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው «ፓስተር» ማለት በውሻ የተነከሰ ልጅ እየተጎተተ የሚሄድበት፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ማለት ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን አይምርም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው የሚመጣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ነው። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎቻችንን ደጋግሞ የፈጀውም ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ነው። ጀርመኖች ውሻን እንዲህ ሳይፈሩ የሚያቅፉት ከእኛ የበለጠ ልበ ሩኅሩኅ ስለሆኑ አይመስለኝም። በሽታውን የሚያዛምቱት ቀበሮዎች እንዲበሉት ክትባት ያለበትን ምግብ በአውሮፕላን ጫካ ላይ ሲበትኑ ኖረው በእነሱ አቆጣጠር በ2008 ከቀበሮው የእብደት በሽታ ነጻ ስለ ተባሉ ነው። መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ ሳሎኑ። ቡችላ ከስምንት ሳምንቱ ጀምሮ የሌሎቹን በሽታዎች ክትባት በየተወሰነ ጊዜ ይወጋል፤ የእብድ ውሻውን አሥራ ሁለት ሳምንት ሲሞላው። ወንድሜ ግን «ሲያድግ ይከተባል» ይላል።

ጀርመንን በጣም ያመሰገንኩ እንዳይመስል ስለ ግብሩ ልናገር። በርሊን ላይ ለመጀመሪያው ውሻ በዓመት 120 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 180 ይከፈላል። ድመት ነጻ ናት። ማይክሮቺፕ፣ ምዝገባና ኢንሹራንስ ግዴታ ናቸው። መንግሥት ለልጅ ይከፍላል፣ በውሻ ያስከፍላል።

ግብሩንስ እሺ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤታችን ናቸው ያንገበገቡኝ። ለዓመታት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታዬን በአገጫቸው ሲመልሱ የኖሩ ሰው፣ ሉና ከመጣች ወዲህ ተንበርክከው ይጠብቁናል። ደህና አደርሽ? በላሽ? ጥርስሽ ወጣ? ኪሳቸው ለእሷ ብቻ በተገዛ ብስኩት ተሞልቷል። ብቻዬን ስወርድ ግን አያዩኝም። አንድ ቀን የፖስታ ሣጥኑ ጋ ተገናኘንና ቀና ብለው ወደ ኋላዬ እያዩ «ሉና የት አለች?» አሉኝ። «እኔም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው በአማርኛ። ፈገግ ብለው አለፉ።

ሰሞኑን ወንድሜ ሌላ ቦቢ ሊያመጣ መሆኑን ነገረኝ። የጎረቤቱ ውሻ ወልዳለች፤ አጥር ነው የሚለያቸው። እዚያው እናቱ ሥር ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ተወው፣ እየሄድክ አጫውተው፣ እስከዚያ የገዛኸውን ሰንሰለት መልስና በገንዘቡ የትል መድኃኒትና ክትባት ያዝለት አልኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ።

«እሺ ጋሼ፤ ሌባው ግን ስምንት ሳምንት ይታገሠኛል?»

የዚያ ዕድሜ ቡችላ ከሃያ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን በእንቅልፍ እንደሚያሳልፍ ነገርኩት።

«ታዲያ ሰንሰለቱ ለምን ተገዛ?» አለኝ።

እኔም የምጠይቅህ እሱኑ ነው አልኩት።