የደን ኢኮኖሚ የሚጀምረው ከባለመብቱ ነው

ኖርዌይ ውስጥ ብሩሙንዳል በምትባል ትንሽ ከተማ 18 ፎቅ ያለው የእንጨት ሕንፃ ቆሟል። ቁመቱ ከ85 ሜትር ያልፋል። በ2019 ሥራው ሲያልቅ ብዙ ተወራለት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንጨት አሁን አሁን ሞገስ አግኝቷል። በሲሚንቶ ፈንታ ጣውላ፣ በፕላስቲክ ፈንታ ካርቶን፣ ከነዳጅ በሚሠራ ጨርቅ ፈንታ ከእንጨት ቃጫ የሚፈተል ክር ይባላል። ነገሩ አይጠላም። ዛፍ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅላል፤ ነዳጅ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ዕቅዱ ሲጻፍ ነው። በየአገሩ የሚወጡት የደን ኢኮኖሚ ሰነዶች በሄክታር፣ በሜትር ኩብና በቶን ካርበን የታጨቁ ናቸው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምገማ ዓለም ላይ 4.06 ቢሊዮን ሄክታር ደን አለ፤ ከየብሱ 31 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ገደማው የመንግሥት ነው። በወረቀት ማለቴ ነው። ደኑ ውስጥ ሲገባ ግን ማገዶ የሚለቅም፣ ማር የሚቆርጥ፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው አለ። እሱ ሰነዱ ላይ ከተነሳ የሚነሳው መጨረሻ አካባቢ፣ «ባለድርሻ አካላት» ከሚል ርዕስ ሥር ነው።

ማን ይወስናል፣ ማንስ ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ እንደ ማስጌጫ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ አይደለም። እሱ ካልተፈታ ዛፉም አይበረክትም። የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ይህን ሲሉ ዘመናት አልፈዋል፤ ስብሰባ ላይ የሚጠሩት ግን ብዙ ጊዜ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ታሪኩ የቆየ ነው። በ1713 ጀርመን ውስጥ የሳክሶኒ የማዕድን አስተዳዳሪ የነበረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትዝ፣ የሚቆረጠው ከሚበቅለው አይብለጥ ብሎ ጻፈ። ዛሬ «ዘላቂ» የምንለው ሐሳብ በደን ሥራ በግልጽ ከሰፈረባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ ሰውየውን ያስጨነቀው የብር ማቅለጫው ማገዶ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት የጀርመን ደን ባለሙያዎች ሒሳቡን ይበልጥ አጠበቁት። ድብልቁን ደን እያነሱ ስፕሩስና ፓይን የተባሉ የጥድ ዓይነት ዛፎችን በመስመር ተከሉ። ለመቁጠርም ለመቁረጥም ይመቻል። የመጀመሪያው ዙር ዛፍ ሸጋ ሆኖ አደገ። በተከታዩ ዙር ግን በብዙ ቦታ እድገቱ ወረደ፤ ነፋሱም ተባዩም በረታበት። መንደርተኛውስ? ግጦሹም ጭራሮውም ቀረበት። ካርል ማርክስ ገና የ24 ዓመት ጋዜጠኛ ሳለ፣ በ1842፣ የራይን ግዛት ምክር ቤት ጭራሮ መልቀምን እንደ ሌብነት ለማስቆጠር መነሳቱን ነቅፎ ጽፏል። የደን ኢኮኖሚው ሲያድግ ድሃው ሌባ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በ1968 ደግሞ ጋሬት ሃርዲን የተባለ የሥነ ሕይወት ምሁር፣ የጋራ የሆነ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ሲል ጻፈ። ብዙ መንግሥታት ይህን ወደዱት፤ ደንን ከመንደር ለመንጠቅ ጥሩ ሰበብ ነበር። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ጃፓን የመንደር ደን የተጠኑ ጉዳዮችን ሰብስባ ሌላ ነገር አሳየች። ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ጠባቂ መድበው፣ አጥፊን እየቀጡ የጋራ ሀብት ለመቶዎች ዓመታት ይዘው ኖረዋል። በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሰጣት፣ በዘርፉ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ኔፓል ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። መንግሥት በ1957 የግል ደኖችን ወረሰ። የመንግሥት ሆነ ሲባል የማንም እንዳልሆነ ተቆጠረ፤ ጭፍጨፋውም ቀጠለ። በ1993 የወጣው ሕግ ለመንደር ተጠቃሚ ቡድኖች ደኑን የመያዝና ከምርቱ የመጠቀም መብት ሰጠ። ዛሬ እነዚህ ቡድኖች ከ22,000 በላይ ናቸው። የአገሪቱ የደን ሽፋን በ1992 ከነበረበት 26 በመቶ በ2016 ወደ 45 በመቶ አድጓል። ሁሉንም ለሕጉ መስጠት ግን ማጋነን ይሆናል። ብዙ ወጣት ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዷል። ከዚያ በሚላክ ገንዘብ በማገዶ ፈንታ ጋዝ ይገዛል፤ ሰው ያጣው የእርሻ ማሳም ደን ለብሷል።

መንደር ሲባል ደግሞ ሁሉም እኩል ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ኮሚቴው ባለ ብዙ መሬት በሆኑ ወንዶች ከተያዘ፣ «ደኑ ለአምስት ዓመት ተዘግቷል» ብሎ መወሰን ቀላል ነው። ማገዶ ፍለጋ የሚንከራተቱት እነሱ አይደሉም። የኢኮኖሚ ምሁሯ ቢና አጋርዋል በሕንድና በኔፓል ባደረገችው ጥናት፣ ሴቶች በርከት ብለው ውሳኔ ላይ የተቀመጡባቸው ቡድኖች ደናቸው የተሻለ ሆኖ አግኝታዋለች። አንዲት ሴት ለወጉ ያህል ማስቀመጥ አይበቃም። በርከት ማለት አለባቸው።

ከሁሉም ደጋግሜ የማነሳው ግን የጓቲማላውን ነው። በሰሜን ጓቲማላ፣ ፔቴን በሚባለው አካባቢ፣ በ1990 ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን ተከለለ። ከዚያ ወዲህ ከፊሉ ለነዋሪው ማኅበራት በ25 ዓመት ውል ተሰጠ። ማሆጋኒ የሚባለውን ባለ ውድ እንጨት ዛፍ እየመረጡ ይቆርጣሉ፤ ሥራቸውም በሰርተፊኬት ይረጋገጣል። ሌላም ምርት አላቸው፣ ሻቴ የሚባል የዘንባባ ቅጠል። ውጭ አገር ለአበባ እቅፍ ማስዋቢያ ይገዛል። ድሮ ቆራጩ የሚከፈለው በብዛት ስለነበር ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል። ብዙው የተቀደደ ወይም ነጠብጣብ ያለበት እየሆነ ይጣላል። እንደ ዩአሽአክቱንና ካርሜሊታ ባሉ መንደሮች ደንቡ ተቀየረ፤ ክፍያው ለጥሩ ቅጠል ብቻ ሆነ። ቅጠሉን የመለየቱን ሥራ መንደሩ ውስጥ ሴቶች ያዙት። የሚጣለው ቀነሰ፤ ተክሉም እፎይ አለ።  በዋናነት የተቀየረው አከፋፈሉ ነው።

እዚያም ሁሉም አልሰመረም። መሬቱ ለከብት አርቢዎች እየተሸጠ ውላቸው የተሰረዘባቸው መንደሮች አሉ። ቅጠልና ሙጫ እየለቀሙ በቆዩት መንደሮች የተሳካው፣ በቅርብ ለእርሻ በሰፈሩት በብዙዎቹ ላይ ከሸፈ። አንድን ደንብ ኮፒ አድርጎ ሁሉም ቦታ ላይ መለጠፍ አያዋጣም።

አሁን ደግሞ የካርበን ሽያጭ መጥቷል፤ ደኑ ካርበን አምቆ ስለያዘ ገንዘብ ይከፈልበታል ማለት ነው። ውሉን የሚፈርመው ማን ነው? ለደኑ ነዋሪ ገንዘቡ በስንተኛው እጅ ይደርሰዋል? ይህ ካልተጻፈ ለነዋሪው ላም አለኝ በሰማይ ነው። የውሉ ዘመንም ራሱ መታየት አለበት። ማሆጋኒ ለመቁረጥ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። የ25 ዓመት ውል የያዘ መንደር ዛሬ የሚተክለውን ችግኝ አይቆርጠውም፤ ውሉ ካልታደሰለት ሌላ ሰው ይቆርጠዋል። ለካርሜሊታ በ2019 ለተጨማሪ 25 ዓመት ታድሶላታል። አዲስ የደን ኢኮኖሚ ዕቅድ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለነዋሪው የተሰጠው ጊዜ ስንት ዓመት እንደሆነና ማደሱ በማን እጅ እንዳለ።