ሃያ አራት ምት

የዕድራችን ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ላፕቶፕ ስላለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ስብሰባው ላይ አንዱ «እሱ ኮምፒውተር አለው» አለ፤ ቤቱ አጨበጨበ። በዚህ ሒሳብ ድስት ያለው ሁሉ ዶሮ ወጥ ይችላል ማለት ነው። ግን ከተጨበጨበ በኋላ ማን ይከራከራል?

የመጀመሪያ ሥራዬ ለወረዳው የሚጻፍ ደብዳቤ ነበር። ድንኳንና ወንበር የምናስቀምጥበት ግቢ አጥሩ ወድቋል፤ እንድናድሰው ይፈቀድልን የሚል። ሦስት መስመር። «ዛሬ ማታ ያልቃል» አልኩ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

እኛ ዘንድ ደብዳቤ አይጻፍም። የድሮው ይከፈትና ስሙና ጉዳዩ ይቀየራል። እኔም ከበፊቱ ጸሐፊ ፍላሽ ተቀብዬ አንድ የቆየ ደብዳቤ ከፈትኩ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ «ጉዳዩ፡-» አለው፣ «ከሰላምታ ጋር» አለው። መሐሉን አጥፍቼ አጥሩን አስገባሁ። ቀን የሚያስገባ ቁልፍ አለ ብዬ እሱንም ተጫንኩ። ኩራት ተሰማኝ።

በማግስቱ ሊቀመንበራችን ቤቴ መጡ። ጋሼ በወጣትነታቸው መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። ይሄን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ላፕቶፔን እሸጠው ነበር።

መነጽራቸውን አደረጉና ስክሪኑን ብዙ አዩት።

«ይሄ ከሥሩ የሚርመሰመሰው ቀይ ትል ምንድነው?»

«ስህተት ነው ሲል ነው ጋሼ።»

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«አማርኛ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን አገባው?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጥለው ቀኑን አዩ። ማሽኑ የፈረንጁን ቀን ነበር ያስገባው። ደብዳቤያችን ስምንት ዓመት ቀድሞን ሄዷል። «በዚያ ዓመት ግማሾቻችንን ዕድሩ ቀብሮን ይሆናል» አሉ። «አጥፋው።» አጠፋሁት።

ከዚያ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ላይ ደረስን። መሐል መሆን አለበት። ሴንተር የምትለውን ልጫን ስል እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«መሐል ላደርገው።»

«መሐል በቁጥር ነው የሚገኘው። ሃያ አራት ምት ግባ።»

በጽሕፈት መኪና ዘመን እንዲያ ነበር። መስመሩ ስንት ምት እንደሚይዝ ይታወቃል፤ አርእስቱ ይቀነሳል፤ የቀረው ለሁለት ይካፈላል። ጋሼ ይሄን ስሌት አሁንም በጭንቅላታቸው ይሠሩታል። ፊደሉ ራሱ እንኳ በአንድ ምት አይወጣም ነበር አሉኝ። ዋናው ፊደል ብቻ፣ ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላው ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። የትኛው መኪና ይሸከመዋል? ስለዚህ አካሉን ትመታለህ፣ ከዚያ እግሩን ወይ ቀለበቱን ትቀጥልለታለህ። ካልተጠነቀቅክ ፊደሉ አንድ ቦታ፣ እግሩ ሌላ ቦታ። ደግሞ በካርቦን ሦስት ኮፒ። አንድ ስህተት ማለት ሦስት ስህተት ነው። በዚህ ያለፈ ሰው ሴንተር የሚባል ቁልፍ ላይ እምነት ባይኖረው አልፈርድበትም።

ስፔሱን ሃያ አራት ጊዜ መታሁ። እሳቸው ጮክ ብለው ቆጠሩ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በየቤቱ ዞረ። የሰፈራችን መሪጌታ «ማህበር» የሚለውን አይተው ደነገጡ። በብዙኃኑ ኀ ነው አሉ። «ሰራተኛ» ደግሞ በንጉሡ ሠ። «እድር» በዐይኑ ዐ። እኔ ብዙኃኑን ኀ ኪቦርዱ ላይ ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሽፍት ይዤ ብመታ ሐመሩ ሐ ይመጣል፣ ደግሜ ብመታ ሃሌታው። ኀ የብዙኃኑ ነው ይባላል እንጂ ለእኔ ለአንዱ አልተገኘችም። በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ «ኀዘን» የሚል ቃል ፈልጌ ከዚያ ኮፒ አደረግኳት። ከኀዘን የተወሰደች ፊደል ለዕድር ትስማማለች ብዬ ተጽናናሁ። ችግሩ የቀሩት ፊደላት ወፍራም ናቸው፤ እሷ ብቻ ቀጭን ሆና ወጣች። ኀዘንተኛ ትመስላለች።

በስምንተኛው ቀን ገንዘብ ያዣችን እትዬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እስከ ታች ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ከግርጌው «ግልባጭ፡- ለሟች ቤተሰብ» ይላል። የድሮው ደብዳቤ የለቅሶ ኖሯል። ስለ አጥር የጻፍነውን ማመልከቻ ለሟች ቤተሰብ በግልባጭ ልናሳውቅ ነበር።

ኮፒ ቤት ሄድን። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው አብረውኝ ናቸው። ልጅቷ ፍላሹን ሰካችና «ቫይረስ አለው» አለች። ኮፒ ቤት ፍላሽ የሚሰካ ሰው ይሄን ሳይሰማ ቀርቶ አያውቅም። ስትከፍተው ስክሪኑ በላቲን ፊደል፣ በዶላርና በመቶኛ ምልክት ተሞላ። መሐሉ ላይ አንዲት ኀ ብቻዋን ቆማለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «የጻፍነው ይሄንን ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች፣ የፊደል መልኮቹ ማለቴ ነው፣ ቤት አልነበራቸውም። በላቲን ፊደል ቤት ደባል ነበሩ። ፎንቱ ሲኖር «ሀ» ይታያል፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትሄድ ደባሉ ይጠፋና የቤቱ ባለቤት ላቲኑ በር ይከፍታል። ቀዩ ትልም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ማሽኑ እንግሊዝኛ እየመሰለው ሲያርመን ከርሟል። ፊደላችን የራሱን ቤት ያገኘው ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ቁጥር ሲሰጠው ነው። እዚያ እንደ ዕድር ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል በስሙ ተመዝግቧል። ያቺ ከኢንተርኔት ያመጣኋት ኀ የተመዘገበች አባል ስለነበረች ማንም አልነካትም። የበፊቱ ጸሐፊ ፍላሽ ግን መዝገቡ መከፈቱን አልሰማም።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ሳስረዳ አልሰማችኝም። ስልኳን በትከሻዋ ይዛ እያወራች፣ ኪቦርዱን ሳታይ፣ ከወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ ጻፈችው። አምስት ደቂቃ። ብዙኃኑን ኀ ሳትፈልግ አገኘቻት። የእኔ አሥር ቀን በአምስት ደቂቃ። «ጉዳዩ» ጋ ስትደርስ ሴንተር ልትል ነው።

«ሃያ አራት ምት» አሉ ጋሼ።

አየቻቸው። አየችኝ። ከዚያ ሃያ አራቴ መታች። ለፊርማውም ወደ ቀኝ አርባ፣ ወደ ታች ኢንተር ስድስት።

ወረቀቱ አምሮ ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ አምሮ ነበር።

ወረዳው ቢሮ የተቀበለን ልጅ ግን ወረቀቱን አላየውም። «ሶፍት ኮፒውን አምጡ» አለ። ጋሼ «ለስላሳው ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። ፍላሹን ሰጠሁት። «ቫይረስ አለው» አለ። ከዚያ ከፈተው።

የእሱ ፎንት ሰፋ ያለ ነው። ሃያ አራቱ ምት «ጉዳዩ»ን ገፍቶ ገፍቶ ወደ ቀኝ ጠርዝ ወስዶታል። ስድስቱ ኢንተር ደግሞ የጋሼን ስም ከገጹ አባሮ ሁለተኛ ገጽ ላይ ጥሎታል። ብቻውን። ነጭ ወረቀት፣ ከላይ በቀኝ በኩል አንድ ስም፣ ከሥሩ «ሊቀመንበር»። ሌላ ምንም የለም። ልጁ ለእኛ ሳይነግረን ሁለቱንም አተመ።

ጋሼ ስማቸውን ያዩበት ላይ ፈረሙ። የዕድሩን ማኅተም ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ እህ ብለው ተነፈሱበት፣ ጫኑት። ከዚያ የመጀመሪያውም ላይ አስደገሙ።

ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ወሰደ። ሁለተኛውን መለሰልን። «ይሄ ባዶ ነው፣ አያስፈልግም» አለ።

ባዶ ወረቀት። የተፈረመበት። ማኅተም ያለበት።

ልቀደው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ቀደሙኝ። በጥንቃቄ ለአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ይኸው ወር ሊሞላ ነው፤ እዚያው አለ። እትዬ ስለ ዕድሩ ገንዘብ ባነሱ ቁጥር ጋሼ ኪሳቸውን ዳሰስ ያደርጋሉ፤ እትዬም ነገሩን ወደ አጥሩ ይመልሱታል።