ቀነሰ የምትሉን ወንጀሉ ነው ወይስ መዝገቡ?

በየሩብ ዓመቱ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ወንጀል በዚህን ያህል በመቶ ቀንሷል» የሚል የፖሊስ መግለጫ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሰሞኑን በሞተር የመጡ ልጆች ቦርሳዬን ነጥቀውኝ በረሩ። ጣቢያ ስሄድ «ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ? ታርጋውን ይዘሻል? ምስክርስ?» ተባልኩ። የለኝም። «እንግዲያው መታወቂያ ጠፋብኝ ብለሽ ጻፊና ማስረጃ እንስጥሽ፤ እሱ ይቀልሻል።» ከኋላዬ የነበረው ልጅም ስልኩን ተቀምቶ ነው የመጣው፤ እሱም «ጠፋብኝ» ብሎ ፈረመ። ተዘርፈን ገብተን ንብረት የጣልን ሰዎች ሆነን ወጣን። በዚያ ቀን በዚያ ጣቢያ ሁለት ወንጀል «ቀነሰ» ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እኮ በቃል የቀረበ አቤቱታ ይጻፍ፣ ለአመልካቹ ይነበብለት፣ ይፈርምበት ይላል። አንቀጽ 22 ደግሞ መርማሪው አቤቱታውን ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን ያካሂድ ብሎ ያዛል። ግን የወንጀል ቁጥር መቀነስ የጣቢያ ውጤት ሆኖ እስከተቆጠረ ድረስ፣ መዝገብ የሚከፍት ፖሊስ ራሱን እያሳጣ ነው። ሕዝቡም ተስፋ ቆርጦ ቤቱ በቀረ መጠን ሪፖርቱ እያማረ ይሄዳል።

መዝገብ ምን ያህሉን እንደሚደብቅ የመንግሥት የራሱ ጥናት ይናገራል። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ጠየቀ። 23 በመቶዎቹ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶዎቹ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ከተጠቁት ውስጥ 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተነፈሱም። ለእናታቸው እንኳ! የእነዚህን እህቶቻችንን ጉዳይ የትኛው መግለጫ ቆጠረው?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውን ቤቱ ድረስ ሄደው «ወንጀል ተፈጽሞብሃል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የፖሊስ መዝገብ ብቻውን አይበቃቸውም። በ2014 እ.ኤ.አ. የስታቲስቲክስ ባለሥልጣናቸው ለፖሊስ ቁጥሮች ሰጥቶት የነበረውን የጥራት ማረጋገጫ አነሳ። በዚያው ዓመት በተደረገ ፍተሻም ለፖሊስ ከተነገረው ወንጀል 19 በመቶው ሳይመዘገብ እንደቀረ ለሕዝብ ተነገረ። ይህን ያወጣ ሰው የአገር ስም አጠፋህ አልተባለም።

እኛ ዘንድ «ከ100 ሺህ ነዋሪ ስንቱ ተዘረፈ?» ብሎ ለማስላት እንኳ ሕዝቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይላል።

ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ» አትበሉን። በየክፍለ ከተማው፣ በየወሩ ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱ መዝገብ ተከፈተለት፣ ስንቱ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደረሰ፣ ስንቱ ተዘጋ? ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችል ቦታ አውጡት። መረጃ የማግኘት መብታችን በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተጽፏል፤ የምንለምነው ችሮታ የለም።