ማስተካከያ፦ «የሰከረው ጀልባ» ሐረር ውስጥ አልተጻፈም

ሰሞኑን ብዙ ሰው በተቀባበለው የተወዳጅ የፈረንሳይ ግጥሞችና ዝርው ጽሑፎች ስብስብ ላይ፣ በአርተር ራምቦ «የሰከረው ጀልባ» ሥር «ሐረር፣ 1883» ተብሎ ተጽፏል። ስህተት ነው።

ራምቦ ግጥሙን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1871፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ እዚያው አገሩ ፈረንሳይ ሳለ ነው። ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ ሲሆን፣ ያኔ ግጥም ከተወ ቆይቷል። 1883 ግጥሙ ፓሪስ ውስጥ መጀመሪያ የታተመበት ዓመት ነው፤ ያሳተመውም ወዳጁ ፖል ቬርሌን ነው። ይህን የምናውቀው ከቬርሌን የእጅ ቅጂ፣ ከመጀመሪያው ኅትመትና ከራምቦ ደብዳቤዎች ነው።

ከሐረር የቀሩልን በተለይ ለእናቱና ለእህቱ የላካቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ዝሆን ጥርስ ይጽፋል። የእጅ ሙያ መጻሕፍት ላኩልኝ ይላል። ስለ ግጥም ግን ትንፍሽ አይልም። እኔን ከግጥሞቹ ባልተናነሰ ይነኩኛል።

ስለዚህ ስብስቡን ያስቀመጣችሁ ቦታውንና ዓመቱን አርሙ፤ ግጥሙ ውስጥ ጀጎልን የሚፈልግ አንባቢ በከንቱ ይደክማል። የሐረር ነገር ካስፈለገ ከደብዳቤዎቹ አንዱን ጨምሩበት። ከስብስቡ ጋር የተያያዘው የ«ራምቦ ቤት» ፎቶም እሱ የኖረበትን ቤት አያሳይም። ሕንፃውን ከሞተ በኋላ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው።